ሳር የሚዘጋበት አገር

እስቲ ዛሬ ስለ ሳር እንጫወት። «ስለ ሳር ደግሞ ምን ጨዋታ አለ?» እንዳትሉኝ። እኔም መንዝ ወጥቼ ሳምንት እስክከርም ድረስ ሳር ማለት ከብት የሚግጠው፣ በዓመት በዓል ደግሞ ቤት ውስጥ የሚጎዘጎዝ ነገር ብቻ ይመስለኝ ነበር። ቡናው ገና እየተቆላ ነው፤ ጊዜ አለን።

መንገዱ በደብረ ብርሃን ነው። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትሩን ጨርሳችሁ፣ ደብረ ብርሃን ላይ ትኩስ ነገር ቀምሳችሁ ጣርማ በር ስትደርሱ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። የጣርማ በርን ዋሻ ካቋረጣችሁ ቁልቁል ወደ ደብረ ሲና ትወርዳላችሁ፤ ሙቀቱም ወዲያው ይቀበላችኋል። ዋሻው ሳይደርስ ወደ ግራ ከታጠፋችሁ ግን በመዘዞ አድርጋችሁ፣ ሞላሌን አልፋችሁ፣ ወደ መሐል ሜዳ ትዘልቃላችሁ። በዚያኛው መንገድ ጃኬት ይወልቃል፣ በዚህኛው ጋቢ ይደረባል። እኔ የታጠፍኩት ወደ ጋቢው ነው።

መንዝን ከላይ ለሚያየው ሰፊ ሜዳ ይመስላል። በእግር የሚሄድበት ሰው ግን ሜዳው በየት በኩል እንደተሰነጠቀ ጉልበቱ ይነግረዋል። በደቡብ ሞፈር ውሃ፣ በምዕራብ አዳባይና ወንጭት፣ በሰሜን ቀጨኔ ገደል ሠርተው አጥረውታል። በምሥራቅ የሚያጥረው የተራራ ሰንሰለት ሲሆን ከጫፉ ላይ ቆመው ቁልቁል ሲያዩ ኤፍራታ፣ ግድምና ቀወት ከደመና በታች ይታያሉ። የማማ፣ የላሎና የጌራ አገር የሚባለው ይህ ነው። የሸዋ ነገሥታት የዘር ሐረግ የሚመዘዘውም ከዚሁ ነው፤ ነጋሲ ክርስቶስ የተነሣው ከመንዝ ነበርና። የታሪኩን ነገር ለታሪክ አዋቂዎች ልተወውና እኔ ወዳረፍኩባት ሸለቆ ልውረድ።

ሸለቆዋ ከምሥራቁ ተራራ ሥር ተነሥቶ ወደ ምዕራብ በሚፈስ ወንዝ ዳር የተኛች ናት። ቤቶቹ ድንጋይ ናቸው፤ ክብ፣ ወፍራም፣ አጠር ያሉ። አጥሩ ድንጋይ፣ በረቱ ድንጋይ፣ የእርሻው ድንበር ድንጋይ። ድንጋዩን ሁሉ ከማሳ ለቅመው ያወጡት የአሁኖቹ ገበሬዎች አያት ቅድመ አያቶች ናቸው፤ ዛሬም ማረሻው በየዓመቱ አዲስ ድንጋይ ያወጣል። በድንጋዩና በድንጋዩ መካከል ገብስ አለ። ከገብሱ ዳር ዳር ባቄላ፣ አልፎ አልፎ ምስር፣ ተልባ። ጤፍ ከዚያ ከፍታ ላይ የለም፤ ብርዱ አይፈቅድለትም።

ያስተናገዱኝ አዛውንት ሰባውን የተሻገሩ ናቸው። «አባባ» እላቸዋለሁ፣ «ልጄ» ይሉኛል። ባለቤታቸውን ደግሞ «እማማ»። የገባሁ ለት እማማ የጠመጅ ቆሎ አቀረቡልኝ። ጠመጅ ገለባው እንደ ስንዴ በቀላሉ የሚለቅ ገብስ ነው፤ ሙቀጫ ብዙ አያደክምም፤ ለዚህም ይመስለኛል ሌላው አገር ሰነፍ ገብስ የሚለው። በማግሥቱ በሶ፣ በሠልስቱ የገብስ እንጀራ በሽሮ፣ ማታ ማታ የገብስ ጠላ። ሳምንቱን ሙሉ አንድ እህል ነው የበላሁት። ግን አንድ ቀን እንኳ የትናንቱን የደገምኩ አልመሰለኝም። ገብስን እንዲህ የሚያውቅ ጓዳ ከዚያ በፊት አልገጠመኝም።

ወሩ ጥቅምት ነበር። ገብሱ አሽቶ ፍሬው በጣት ሲጨመቅ ወተት የሚያወጣበት ጊዜ። በሦስተኛው ሌሊት ወደ ደጅ ብወጣ ሰማዩ ጠርቶ፣ ኮከቡ ፈስሶ፣ ለሰው ቅርብ የሆነ መሰለኝ። የከተማ ሰው ነኝና ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። «አባባ፣ ኑ እስቲ እዩት!» አልኩ። ወጡ። ቀና ብለው ጥቂት አዩና ምንም ሳይናገሩ ተመልሰው ገቡ። ነገሩ የገባኝ ጠዋት ነው። ደመና የሌለበት ሌሊት መሬቱ የያዘውን ሙቀት ሁሉ ለሰማይ ይሰጣል፤ ሲነጋጋ ውርጭ ይወርዳል። አባባ ከእኔ በፊት ተነሥተው ማሳው መሐል ቆመዋል። ከወንዙ አጠገብ ያለው ዝቅ ያለ ማሳ ነጭ ዱቄት የተነሰነሰበት መስሏል። አንድ ዛላ ቀጠፉና በመዳፋቸው አሽተው አሳዩኝ፤ ወተቱ ውኃ ሆኗል። «ይኸኛው ሄደ» አሉ፤ «ላይኛው ተርፏል።» ብርድ እንደ ውኃ ቁልቁል ስለሚፈስ ሸለቆው ወለል ላይ ይተኛል። ስለዚህ ገበሬው ያለችውን መሬት ከፋፍሎ ጥቂቱን ከላይ፣ ጥቂቱን ከታች ይዘራል። አንዱ ቢመታ አንዱ ይተርፋል ብሎ ነው። ማሳው ለምን እንዲህ ተበጣጠሰ ብዬ ስጠይቅ የከረምኩት ሰው ያን ጠዋት መልሱን በእጄ ያዝኩት።

ከዚያ ወዲህ ኮከብ ሲበዛ ሆዴ ይባባል።

የዚያ አገር ዓመት ሁለት ዕድል አለው። አንዱ በልግ ነው፤ በየካቲትና በመጋቢት በሚጥለው ዝናብ ይዘራል፣ ክረምቱ ሲገባ ይሰበሰባል። ሌላው መኸር ነው፤ በክረምት መግቢያ ተዘርቶ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ይታጨዳል። በልጉን ዝናብ ሊከለክለው ይችላል፣ መኸሩን ውርጭ ሊመታው ይችላል። ሁለቱም ከተበላሹ የሚቀረው በግ ነው። የመንዝ በግ ትንሽ ናት፤ ላቷ የወፈረ፣ ጸጉሯ የከረረ። ብርዱን፣ ረሃቡንና ዳገቱን ትችላለች። ከጸጉሯ ባናና በርኖስ ይሠራል። እማማ ከእሳቱ ዳር ተቀምጠው እንዝርታቸውን ሲያሽከረክሩ፣ ጥቁሩ ጸጉር ከጣታቸው እየቀጠነ ሲወርድ፣ ዓይናቸው ሌላ ቦታ ነበር፤ እጃቸው ብቻውን ይሠራል። በሌሊቱ ብርድ እኔን የሸፈነኝ ባና እሳቸው ፈትለውት አባባ ያሸመኑት ነው፤ ክብደቱ አንድ ሕፃን ይሆናል።

አሁን ወደ ሳሩ ልምጣ።

አባባ ያኖሩኝ ቤት ጣሪያው ሳር ነው። ከውስጥ ሆኜ ቀና ስል ወጋግራው ከዘመን ጭስ ጠቁሮ ያብረቀርቃል፤ በላዩ ላይ አንድ ክንድ የሚያህል ውፍረት ያለው ክዳን ተነጥፏል። አንድ ከሰዓት በኋላ በረዶ ወረደ። ደጅ የነበረው ባልዲ እንደ ከበሮ ሲደለቅ ይሰማኛል፤ ቤት ውስጥ ግን ምንም የለም። ስንጫወት የነበረውን ጨዋታ ድምፃችንን እንኳ ሳንጨምር ቀጠልን። ይህ ክዳን ጓሳ ነው። ጓሳ የሳሩም ስም ነው፣ ሳሩ የሚበቅልበት ተራራም ስም ነው። ቅጠሉ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጠንካራ፤ በእጅ ሲሳብ ይቆርጣል እንጂ አይበጠስም። በደንብ የተከደነ ቤት ልጅ ተወልዶ እስኪዳር ድረስ አያፈስም ይላሉ። ገመዱም ከጓሳ ይገመዳል፤ እረኛ በዝናብ የሚደርበው ገሳ፣ ጅራፉ፣ መጥረጊያው ሁሉ ከዚያው ነው።

ተራራውን በማግሥቱ ወጣሁት። ከ3,200 ሜትር ይነሣና 3,700 ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ ስፋቱ 100 ስኩዌር ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ዳገቱ ላይ ትንፋሽ ያጥራል፤ ልብ ጆሮ ላይ ይመታል። ከዚያ ድንገት ዛፍ የሌለበት፣ ቤት የሌለበት፣ የታረሰ መሬት የሌለበት የሳር ባሕር ይከፈታል። ከሳሩ መሐል ጅብራ እዚህም እዚያም ቆሟል፤ በጭጋጉ ውስጥ በርኖስ የለበሰ ሰው ይመስላል። ከታች እያንዳንዷ ስንዝር መሬት ታርሳ፣ ገደሉ ጫፍ ድረስ ገብስ ተዘርቶ አይቼ ነበርና ይህ ሁሉ መሬት ሳይነካ እንዴት ተረፈ? የመጀመሪያው ጥያቄዬ ይህ ነበር።

መልሱ ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ የቆየ፣ ቄሮ የሚባል ሥርዓት ነው። በአገሩ ሰው አነጋገር አስቦና ጌራ የሚባሉ ሁለት አባቶች ተራራውን ተካፈሉት፤ የእነርሱ ዘር የሆነ ሁሉ በአጽመ ርስትነት መብት ነበረው። ጥበቃውን የሚመራው ባለመብቶቹ መርጠው የሚሾሙት ሰው ነበር፤ አባ ቄራ ይሉታል። ሥራው ጓሳን መዝጋት ነበር። አዎ፣ መዝጋት። ተራራው ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም አምስት ዓመት ይዘጋ ነበር። በዚያ ጊዜ ማጭድ ይዞ መውጣት የለም፣ ከብት መንዳት የለም፣ እንጨት መልቀም የለም። ጉልበት ያለው ሁሉ ተራ እየገባ ይጠብቃል፤ ተራውን ያጎደለም ይቀጣል። ሰርቆ ያጨደ ሰው በዚያ ሳር የከደነው ቤት እስከ መቃጠል ይደርስ ነበር ይላሉ። ሳሩ አድጎ በቃ ሲባል አባ ቄራው ቀኑን ይቆርጣል፣ ወሬው በቤተ ክርስቲያንና በገበያ ይነገራል። በቅድሚያ ሰው በማጭዱ ይገባል፣ ከብት የሚገባው ሰው ያጨደውን ካጨደ በኋላ ነው።

አባባ የመጨረሻዎቹን የቄሮ ዘመናት በልጅነታቸው አይተዋል። ጓሳ የተከፈተ ለት መንደሩ ውስጥ ከአራስ በቀር ሰው አይቀርም ነበር ይላሉ። በሌሊት በችቦ ይወጣል፤ ንጋት ላይ ከዳር እስከ ዳር የማጭድ ድምፅ ይሰማል፣ ማታ ደግሞ የሳር ነዶ የተሸከመ አህያና ሰው ቁልቁል እንደ ወንዝ ይወርዳል። «አባቴ» አሉኝ፣ «የመጀመሪያውን ነዶ ለራሱ አልወሰደም። ጎረቤታችን ባልቴት ነበሩ፤ የእሳቸው ቤት ነው መጀመሪያ የተከደነው።»

ከዚያ 1967 ዓ.ም. መጣ። የየካቲት 25ቱ አዋጅ የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት አደረገ፣ ርስት ቀረ፣ ጭሰኝነት ቀረ። እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ ልናገር፤ አዋጁ ያስፈልግ ነበር። የአስቦና የጌራ ሐረግ ለሌለው ሰው ጓሳ ሁልጊዜም ዝግ ነበር፤ በአጠገቡ እየኖረ ሌላው ሲያጭድ የሚያይ ሰው ነበር። ያ ፍትሕ አልነበረም። ግን አዋጁ ርስቱን ሲሽር ከርስቱ ጋር የተሳሰረውን ጥበቃም አብሮ ሻረው። በዘርህ ምክንያት ነው የሚደርስህ የሚለው ሲቀር፣ በዘርህ ምክንያት ነው የምትጠብቀው የሚለውም ቀረ። መብቱ ለሁሉም ሆነ፤ ኃላፊነቱ የማንም ሳይሆን ቀረ። ማጭዱ በፈለገበት ቀን ወጣ፣ ከብቱ ዓመቱን ሙሉ ዋለበት፣ ዳር ዳሩን ማረሻ ነካው። አባባ ይህን ሲያወሩ ድምፃቸው አይቆጣም፤ ያዝናል እንጂ። «ሳሩ አጠረ» አሉ። «የእጄ ጣት ሆነ።»

እኔን የገረመኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ሰዎቹ ተራራውን አልተዉትም። በገበሬ ማኅበሩ ውስጥ ሆነው፣ በለመዱት በዕድር አደረጃጀት ጥበቃውን መልሰው ሞከሩት። እንደ ድሮው አልጠነከረም፤ ግን አልሞተም። ኋላም የአካባቢው ማኅበረሰብ በራሱ የሚጠብቀው ሥፍራ ሆኖ በሕግ ታወቀለት፤ በዙሪያው ያሉ ቀበሌዎች ተወካይ አላቸው፣ ጠባቂ አላቸው፣ ለእንግዳ ማረፊያ የሚሆን ሎጅም አላቸው። አሁንም ይዘጋል፣ አሁንም ይከፈታል።

ጓሳ ላይ በሁለተኛው ቀኔ ያየሁትን ልንገራችሁ። ጠዋት ጭላዳዎቹ ከተኙበት ገደል እየተሳቡ ወጡ፤ መቶ ይሆናሉ፣ ሁለት መቶም ይሆናሉ። ጭላዳ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዓለም የትም የለም፣ የሚኖረውም ሳር እየጋጠ ነው። ቁጭ ብለው በሁለት እጃቸው ሳር ይነጫሉ፤ ድምፁ ቀጭ ቀጭ ይላል። ከመካከላቸው አንዲት ቀይ ቀበሮ ስትራመድ አየሁ። ግልገሎቹ አልሸሹም፣ እናቶቹ አልጮሁም። እሷም ግልገል አላየችም፤ ዓይኗ መሬት ላይ ነው። ቆመች፣ ጆሮዋን አቀናች፣ ዘላ በሁለት እግሯ ሳሩን ደቆሰችና አይጥ ይዛ ወጣች። ሁሉም ነገር አንድ ትንፋሽ አልፈጀም።

እዚያው ጓሳ ላይ ጭላዳዎቹን ለዓመታት የተከታተሉ ተመራማሪዎች ይህንን ቆጥረውታል። ቀበሮዋ ብቻዋን ስታድን ከመቶ ሙከራ 25ቱ ይሳካላታል፤ በጭላዳ መንጋ መካከል ስታድን 67ቱ። ምናልባት መንጋው ሲግጥ አይጦቹ ከጉድጓድ ይወጡ ይሆናል፤ ወይም ቀበሮዋን ከእነሱ ለይተው አያዩዋት ይሆናል። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ የቀረው ለአካለ መጠን የደረሰው ከ500 አይበልጥም። ምግቡ አይጥ ነው፣ አይጡ የሚኖረው ሳሩ ውስጥ ነው። አስቦና ጌራ ስለ ቀበሮ ያሰቡ አይመስለኝም፤ ያሰቡት ስለ ጣሪያ ነበር። ቤታችን አያፍስስ ብለው የዘጉት ሳር ቀበሮውን አኖረው። ጭጋጉንም እንደ ስፖንጅ እየመጠጠ በበጋ ምንጭ ያፈልቃል፤ በአንድ በኩል ወደ አባይ፣ በሌላ በኩል ወደ አዋሽ። እኔ በሸለቆዋ የጠጣሁት ውኃ፣ የእማማ ጠላ የተጠመቀበት ውኃ፣ ከዚያ ሳር ሥር የወጣ ነው።

ስወርድ ግን አንድ ነገር እየከነከነኝ ነበር። በሸለቆዋ ውስጥ ስቆጥር ከየሁለቱ ቤት አንዱ ቆርቆሮ ነው። አዳዲሶቹማ በሙሉ ማለት ይቻላል። አልፈርድባቸውም፤ ቆርቆሮ ቶሎ ይከደናል፣ እሳት አይበላውም፣ ልጅ ሲዳርም ያኮራል። ግን ሰው ሳሩን የጠበቀው ስለሚያስፈልገው ነበር። ፍላጎቱ ሲቀር ጥበቃውስ በምን ይቆማል? በእንግዳ ገንዘብ? እንግዳ እኮ መንገድ ሲከፋ ይቀራል። ይህ ሐሳብ ዛሬም አልለቀቀኝም። አንድን ነገር ከሩቅ ሆኖ በሚወደው ሰው አልተማመንም፤ ከራሱ ጣሪያ ጋር ያሰረው ሰው ነው የሚጠብቀው ብዬ አምናለሁ።

የአባባ ትልቁ ልጅ ከግቢው ማዶ ቆርቆሮ ቤት ሠርቷል። በመጨረሻው ማታ እዚያ ራት ጋብዞን ነበር፤ ብርዱ ከላይ እንደ ውኃ ይወርዳል። ሲመሽ ሁላችንም፣ ባለቤቱና ልጆቹም ሳይቀሩ፣ ተያይዘን ወደ አባባ ቤት ሄድን። በእሳቱ ዙሪያ ስንቀመጥ ልጁ፣ «ነገ ተራዬ ነው፣ በሌሊት እወጣለሁ» አለ።

«የምን ተራ?» አልኩት።

«የጓሳ። ጥበቃ።»

«አንተ ቆርቆሮ ከድነህ የለም እንዴ?»

ወደ አባቱ አየ። አባባ ገመድ እየገመዱ ነበር፤ ሁለቱን የጓሳ ጥማሎች በመዳፋቸው መካከል እያንከባለሉ፣ ጫፉን በእግር አውራ ጣታቸው ወጥረው። እጃቸውን ሳያቆሙ፣ «በበጋ ጥጃዋ ምን ትበላለች፣ ልጄ?» አሉኝ። «ምንጩስ ከየት ይመጣል?»

ልጁ ሳቅ አለና ጨመረ፤ «ቆርቆሮውንም ቢሆን ነፋስ እንዳይወስደው ያሰርኩት በእሳቸው ገመድ ነው።»

በሌሊት ሲወጣ ሰማሁት። በሩ ሲንቀጫቀጭ፣ ውሻው አንዴ ጮሆ ዝም ሲል፣ ዱላው ድንጋዩን ሲመታ። ጠዋት ስሰናበት እማማ ጠመጅ ቆሎ በጨርቅ ቋጠሩልኝ፤ አባባ ማታ የገመዱትን ገመድ ጠቅልለው እጄ ላይ አኖሩት። አሁን በረንዳዬ ላይ ልብስ አሰጣበታለሁ። ዝናብ ሲመታው ሽታው ይመጣል፤ የጭስና የሳር ሽታ። ቡናውም ደርሷል፣ ጀባ በሉ፤ ቆሎው ከዚያው ነው።